ሥዕል መማር ለሠዓሊ ብቻ ነውን?



በሰፈራችን በሻይ ቤቱም፣ በውኃ ወረፋውም፣ በሬዲዮ ዙሪያም ደጋግመን የምንሰማው አንድ አባባል አለ። ከመካከላችን ዕድል ቀንቷቸው አሜሪካ የገቡ ልጆች ኮሌጅ ገብተው «ሥዕል እየተማርን ነው» ብለው ሲጽፉ ወይም ሲደውሉ፣ እዚህ ያለው ዘመድ ክው ይላል። «ይህን ሁሉ በረሃና ባሕር ተሻግሮ ሥዕል?» ይላል። ከዚያም «ልጄ፣ ሕክምና ተማር፣ ሒሳብ ተማር፣ ካልሆነልህም የመኪና ጥገና ተማር፤ ሥዕሉን ለሥራ ፈት ተውለት» የሚል ምክር ይላካል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ስለመሆኑ አንጠራጠርም። ነገር ግን ከፍቅር የመጣ ምክር ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። እኛ ይህ አባባል ስሕተት ነው እንላለን። ስሕተትም ብቻ ሳይሆን ጎጂ ነው። ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች እናስረዳለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልን።

በመጀመሪያ የምንከራከርበትን ነገር እንወቀው። በአሜሪካ «ሊበራል አርትስ ኮሌጅ» የሚባል የትምህርት ቤት ዓይነት አለ። ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ዋና ሥራውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ማስተማር ነው። በብዙዎቹ የአካባቢያችን ዩኒቨርሲቲዎች እንደለመድነው ተማሪው ቶሎ «አንተ የሕግ፣ አንቺ የእርሻ» ተብሎ አይመደብም። ከተፈጥሮ ሳይንስም፣ ከኅብረተሰብ ሳይንስም፣ ከቋንቋና ከፍልስፍናም፣ ከኪነ ጥበብም እየቀመሰ ይቆይና ዋናውን ትምህርቱን ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ይመርጣል። ስለዚህ ነገ ሐኪም ወይም የባንክ ሠራተኛ የሚሆነው ልጅ ለአንድ መንፈቅ በሥዕል ክፍል ውስጥ ብሩሽ ይዞ ቢገኝ መንገድ ስቶ አይደለም፤ ትምህርቱ ራሱ እንዲያ ተብሎ የተዘረጋ ነው።

ይህ ከሙያ ትምህርት ቤት ይለያል። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታም ያስተማረበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመሠረተው ሠዓሊና ቀራጺ ለማፍራት ነው። እዚያ የሚገባው ሙያውን መርጦ ነው። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ግን ሥዕልን የሚያስተምረው ሠዓሊ ለማይሆነው ጭምር ነው። የክርክራችን ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሠዓሊ ለማይሆን ሰው ሥዕል ማስተማር ምን ይረባል?

ተቃዋሚዎቻችን ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ይላሉ። ሁለተኛዎቹ «ሥዕል ተሰጥኦ ነው፤ ያልተሰጠው ቢማርም አይሠራ» ይላሉ። ሦስተኛዎቹ «ይህ የሀብታም ልጆች ቅንጦት ነው» ይላሉ። በተራ በተራ እንያቸው። ግን ከዚያ በፊት በሥዕል ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ እናስረዳ፤ ብዙው ተቃውሞ ነገሩን ካለማወቅ የሚመነጭ ነውና።

ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ሁለትና ሦስት ሰዓት በአንድ ቦታ ቆመው ይሠራሉ። መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ፣ ሽንኩርትና ነጭ ጨርቅ ያስቀምጥና «ያያችሁትን ሣሉ» ይላል። ቀላል ይመስላል። ጀማሪው ግን የሚሥለው ያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። የጠርሙሱ አፍ ክብ መሆኑን ስለሚያውቅ ክብ አድርጎ ይሥለዋል፤ ከጎን ለሚያየው ዓይን ግን አፉ የተጨፈለቀ ክብ ነው። የሰው ፊት ሲሥል ዓይኖቹን ወደ ግንባሩ ይሰቅላቸዋል፤ ቢለካው ኖሮ ግን ዓይን ያለው ከራስ ቅል ጫፍ እስከ አገጭ ካለው ርዝመት መካከል አካባቢ ነው። ጨርቁን ነጭ ስለሚለው ነጭ ቀለም ይለቀልቀዋል፤ ጥላ ያረፈበት ጨርቅ ግን ነጭ አይደለም። ይህንን የሰፈራችን ሰው ያውቀዋል። ድንኳናችን በቀትር አንድ መልክ፣ በምሽት ሌላ መልክ አለው፤ ግን ሁልጊዜ «ነጭ ሸራ» እንለዋለን። ቃሉ ዓይናችንን ይጋርደዋል። የሥዕል መምህር የመጀመሪያ ሥራው ይህንን ግርዶሽ መግፈፍ ነው።

ቀጥሎ ሥራዎቹ ሁሉ ግድግዳ ላይ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ተማሪ በሌላው ሥራ ላይ አስተያየት ይሰጣል። በደንብ በሚመራ ክፍል ውስጥ «ወደድኩት» ወይም «ጠላሁት» ማለት መልስ ሆኖ አይቆጠርም። የትኛው ቦታ? ለምን? ምን ቢደረግ ይሻላል? ተብሎ ይጠየቃል። የተተቸውም ተማሪ ሳይቆጣ ሰምቶ፣ የሚረባውን ወስዶ፣ የማይረባውን ትቶ በማግሥቱ ይመለሳል። ወገኖች ሆይ፣ በስብሰባዎቻችን ስንት ዓመት ያጣነው ይህንን አይደለምን? ሰው ሥራው ሲነቀፍ እሱ ራሱ የተነቀፈ መስሎት ስንት ማኅበር ለሁለት ተሰንጥቋል?

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ተቃዋሚዎች እንምጣ። «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው፤ ሥዕል እንጀራ ይሆናል ብለን አልተነሣንም። አልጀብራስ እንጀራ ይሆናልን? የተማርነው አብዛኛው ነገር ገበያ ላይ ተመዝኖ አይሸጥም። የቆሎ ተማሪ ዓመታት እየለመነ ቅኔ ሲማር «ይህ ቅኔ ስንት ያወጣል?» ያለው የለም። ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ ባለቅኔ አይሆንም። ቢሆንም ሰሙን ከወርቁ መለየት የተማረ ሰው ዳኛም ቢሆን፣ ነጋዴም ቢሆን፣ ሸምጋይም ቢሆን ከቃል ጀርባ ያለውን ነገር ለማየት ይሠለጥናል። ሥዕልም ለዓይን እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ ቅኔን አባቶቻችን ስላከበሩት እኛም ማክበራችን፣ የእጅ ሥራን ግን ስለናቁት እኛም መናቃችን ነው።

ይህችን ነጥብ ሳንሸፋፍን እንናገራት። በአገራችን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ለሠራልን «ቡዳ»፣ ሸማ ለሸመነልን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ ላለፋልን «ፋቂ» ያልን ሰዎች ነን። ዛሬ «ሥዕል ምን ያደርጋል?» የሚለው አፍ የዚያ አፍ ልጅ ነው። እጅ የነካው ሁሉ ዝቅ ያለ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈው ሁሉ ከፍ ያለ ይመስለናል። በእጅና በአእምሮ መካከል ግንብ የገነባነው እኛው ነን። ሥዕል ይህንን ግንብ ስለሚንድ ያስፈራናል።

ሁለተኛዎቹ «ተሰጥኦ ነው» ይላሉ። ለእነዚህ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገራቸው። በ1933 በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች መካከል ብላክ ማውንቴን የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ተከፈተ። ከመሥራቾቹ ዋናው ጆን አንድሩ ራይስ ሲሆን፣ ኪነ ጥበብ ለጥቂቶች የሚጨመር ጌጥ ሳይሆን የትምህርቱ ማዕከል ይሁን ተባለ። መምህር ሲፈለግ ከጀርመን ጆሴፍ አልበርስ ተጠራ። አልበርስ ባውሃውስ በሚባለው ስመ ጥር የጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በዚያው በ1933 ናዚዎች ባሳደሩበት ጫና ያ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሚስቱ አኒ አልበርስ የሽመና ባለሙያና የአይሁድ ዘር ነበረች። ባልና ሚስት አገራቸውን ጥለው ወጡ፤ አልበርስ አሜሪካ ሲደርስ እንግሊዝኛው ስብርብር ያለ ነበር። ምን ልታስተምር ነው የመጣኸው? ሲባልም ዓይን ለመክፈት ነው ብሎ መለሰ ይባላል። ቋንቋ የሌለው ስደተኛ ከዚህ የተሻለ መልስ ሊሰጥ አይችልም ነበር።

እዚያ ኮሌጅ እስከ 1949 ሲያስተምር ከፊቱ የተቀመጡት ሁሉ ሠዓሊ ሊሆኑ የመጡ አልነበሩም። እሱም ተሰጥኦ ያለውንና የሌለውን ለመለየት ወንፊት አልያዘም። የሰጣቸው መልመጃ ነው። አንድ ወረቀት ያለ ሙጫ በማጠፍና በመቁረጥ ብቻ ምን ያህል ሊቆምና ሊሸከም እንደሚችል አሠራቸው። ስለ ቀለም ሲያስተምር ብዙውን ጊዜ በብሩሽ ሳይሆን በተቆረጠ ባለቀለም ወረቀት ነበር፤ የረገፈ ቅጠልም ተጠቅሟል። ወረቀት ርካሽ ነው፤ አንዱም ቀለም ሳይለወጥ ደጋግሞ ይገኛል። መልመጃው እንዲህ ነው፤ ከአንድ ወረቀት የተቆረጡ ሁለት ቁራጮችን በሁለት የተለያዩ መደቦች ላይ አስቀምጠህ ሁለት የተለያዩ ቀለሞች አስመስላቸው። ተማሪው ደጋግሞ ይሞክራል። ሲሳካለት ዓይኑን አያምንም። ግራጫው ከቀይ አጠገብ ሲሆን ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ከጥቁር አጠገብ ሲሆን ይነጣል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ትልቅ ነው፤ ማንም ነገር ብቻውን አይታይም፣ ጎረቤቱ ይለውጠዋል። አልበርስ ይህንን ትምህርት በኋላ በ1963 ስለ ቀለማት መስተጋብር ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮታል።

ታዲያ በዚህ መልመጃ ውስጥ ተሰጥኦ የት ላይ ነው? መቀስ መያዝና መታገሥ ነው የሚያስፈልገው። ተሰጥኦ የለም አላልንም፤ አለ። በሒሳብም አለ፣ በእግር ኳስም አለ። ነገር ግን «ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ሒሳብ ማስላት እንዳይማር የተፈቀደለት ሕፃን አይተን አናውቅም። ለሥዕል ብቻ ለምን ይፈቀዳል?

ሦስተኛዎቹ «የሀብታም ቅንጦት ነው» ይላሉ። ከሁሉ የሚከብደን ይህ ክርክር ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። እነዚህ ኮሌጆች ክፍያቸው ብዙ ነው። ብላክ ማውንቴንም ራሱ ሀብታም ስላልነበረ፣ ተማሪዎቹና መምህራኑ እርሻ እያረሱ፣ በ1940 እና በ1941 የትምህርት ሕንፃቸውን በገዛ እጃቸው እየገነቡ ኖረው፣ በመጨረሻ ገንዘብ አጥተው በ1957 ዘጉት። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ሥዕልና ሙዚቃ እንደሆነም እናውቃለን። ግን ከዚህ ተነሥቶ «ድሃ ሥዕል አያስፈልገውም» ማለት ሌላ ነገር ነው። ይህ የሩት አሳዋን ታሪክ አለማወቅ ነው።

ሩት አሳዋ በ1926 በካሊፎርኒያ ተወለደች፤ ወላጆቿ ከጃፓን የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆችን፣ ብዙዎቹ ዜጎቹ ሆነው ሳለ፣ በጦርነቱ ሰበብ አግዞ በካምፕ አጎራቸው። የሩት አባት ቀድሞ ታሰረ። እሷና ቤተሰቧ ሳንታ አኒታ በሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ የፈረስ ጋጣ ውስጥ እንዲኖሩ ተደረገ። እዚያ ከታጎሩት መካከል በዋልት ዲዝኒ ድርጅት ይሠሩ የነበሩ ሠዓልያን ነበሩ፤ ለልጆቹ ሥዕል ያስተምሩ ጀመር። ሩት በርትታ ሥዕል የተማረችው እዚያ ነው። ከዚያ አርካንሶ ወዳለው የሮወር ካምፕ ተዛወረች። በ1943 ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ወጣችና በሚልዋኪ የመምህራን ኮሌጅ ገባች፤ ሦስት ዓመት ከተማረች በኋላ ግን በዘሯ ምክንያት የማስተማር ልምምድ የምታደርግበት ትምህርት ቤት ተከለከለች። ያለ ልምምዱ ደግሞ መምህርት መሆን አይቻልም። በ1946 ወደ ብላክ ማውንቴን ሄደች፤ በአልበርስ ሥር ተማረች።

ልብ በሉ፤ ይህች ልጅ አንዳች ሀብት አልነበራትም። በዚያ ዘመን አንድ አስተዋይ ዘመድ ቢኖራት «ልጄ፣ ስፌት ተማሪ» ባላት ነበር። እሷ ግን ሜክሲኮ ሄዳ የቅርጫት ሠሪዎችን የሽቦ አሠራር አይታ ተመለሰች፤ ያንን ይዛ ከተራ ሽቦ ዓለም የሚያደንቀውን ቅርጽ ጠለፈች። ከዚያም በላይ በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ትምህርት ቤት ልጆች የሥነ ጥበብ ትምህርት የሚሰጥ ፕሮግራም ከሌሎች እናቶችና ወላጆች ጋር ጀመረች። መሣሪያቸው የወተት ካርቶንና ከዱቄት፣ ከጨውና ከውኃ የተቦካ ሊጥ ነበር። ይህ ቅንጦት ከሆነ የማንኛችንም ጎጆ ቅንጦት አለው ማለት ነው።

እንግዲህ «ሥዕል ለሀብታም ነው» የሚለው ሰው፣ ድሃውን የሚደግፍ እየመሰለው ከማን ጋር እንደቆመ ይመርምር። ለሀብታም ልጅ ዓይንና አእምሮ፣ ለድሃ ልጅ እጅ ብቻ ተብሎ የተከፈለውን ክፍፍል እያጸደቀ ነው። ሙያ መማርን አንነቅፍም፤ አናጢነትም፣ ስፌትም፣ ኤሌክትሪክም ክቡር ናቸው። የምንቃወመው የድሃ ልጅ ከዚያ ሌላ ሊያስብ አይገባውም የሚለውን ፍርድ ነው።

አንዳንድ አንባብያን «የጁሊ ምሕረቱን ስም ለምን አታነሱም?» እንደሚሉን እናውቃለን። እናንሣ። ጁሊ በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር አሜሪካ ገብታ፣ ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ በሚባል ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ተምራ በ1992 ተመረቀች፤ በመካከሉም ዳካር ሄዳ ተምራለች። ዛሬ በዓለም ከታወቁት ሠዓልያን አንዷ ናት። እንኮራባታለን፤ ማስረጃ አድርገን ግን አናቀርባትም። ምክንያቱም ክርክራችን «ልጆቻችሁ ሥዕል ቢማሩ እንደ ጁሊ ይታወቃሉ» የሚል አይደለም። እንዲህ ያለ ተስፋ መስጠት ማታለል ነው። ክርክራችን ፈጽሞ ስለማይታወቁት፣ ነርስና መሐንዲስና መምህር ስለሚሆኑት ነው። ነርሷ የበሽተኛውን የዓይን ቢጫነት ከመብራቱ ቢጫነት ለይታ ብታይ፣ መሐንዲሱ የሚሠራውን ቤት በዚያ ከሚኖረው ሰው ቁመት አንጻር ቢያየው፣ ጥቅሙ ይህ ነው።

ስለ መምህራኑም ሳንናገር አናልፍም፤ ሥዕልን ከውጭ ከሚንቁት ይልቅ ከውስጥ የሚያረክሱት ይበልጥ ይጎዱታልና። «ስሜትህን ብቻ አውጣ፣ ስሕተት የሚባል ነገር የለም» የሚል መምህር አለ። እንዲህ ያለው ሰው ተማሪውን የሚያከብር ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ንቆታል፤ ሊያርመው አልደከመምና። ሌላም አለ። ከስደት የመጣ ተማሪ ክፍሉ ሲገባ «ያየኸውን መከራ ሣል» የሚል። ወደ ሰፈራችንም ለሕፃናት ባለቀለም እርሳስ ይዘው መጥተው ጠመንጃና የሚቃጠል ቤት እንዲሣልላቸው የሚጠብቁ ጎብኚዎች አይተናል። ስለ ሽንኩርትና ስለ ጠርሙስ ማን ይጠይቀዋል? ያሜሪካዊው ልጅ የፈለገውን ሲሥል የእኛ ልጅ ቁስሉን እንዲያሳይ ይጠበቃል። ሩት አሳዋ ስለ ካምፑ መታሰቢያ የሠራችው ለሳን ሆሴ ከተማ በ1994 ነው፤ ከጋጣው ከወጣች ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ጥበቧን ጨብጣ። ተማሪዋ ሳለች አልበርስ የሰጣት ወረቀት፣ መስመርና ቀለም ነበር። ትክክለኛው አክብሮት ይህ ነው፤ መጀመሪያ መሣሪያውን ስጠው፣ ምን እንደሚናገርበት እሱ ይወቅ።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሥዕል የማየት ትምህርት ነው፤ ማየት ደግሞ ለሁሉም ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በመልመጃና በእርማት የሚገኝ እንጂ ከሰማይ የሚወርድ ብቻ አይደለም። ሦስተኛ፣ ለድሃው ልጅ የሚከለከልበት አንዳች ምክንያት የለም። ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ አጎቶችና አክስቶች፣ ልጁ «ሥዕል እየተማርኩ ነው» ብሎ ሲደውልላችሁ «ተው» አትበሉት። «መምህርህ ያርምሃል ወይ? ጓደኞችህ በሥራህ ላይ ምን አሉህ? ትናንት ያላየኸውን ዛሬ ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ያን ጊዜ ገሥጹት፤ መልስ ካለው መርቁት።

ይህንን አቋማችንን የሚቃወም ወገን ቢኖር ደስ ይለናል። በሻይ ቤት ከሚያማን ይልቅ ብዕሩን ያንሣና በሚቀጥለው እትም ይሞግተን፤ እኛም በገዛ እጃችን ጽሑፍ፣ አንዲት ቃል ሳንቀንስ ገልብጠን እናወጣለታለን። አደራ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ ሥዕል ክፍሉ ተማሪዎች የትኛው ቦታ፣ ለምን እንደሆነ ይንገረን።

አዘጋጆቹ